ስንቅና ማረፊያ በፎገራ መንገድ፦ ከበቅሎ እስከ ኤሌክትሪክ መኪና

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው ይህን ሜዳ እያቋረጡ ጣና ይገባሉ። የወረዳው ከተማ ወረታ ሦስት መንገዶች የሚገናኙባት ናት፦ አንዱ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር ይደርሳል፣ ሁለተኛው በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጎንደር ይገባል፣ ሦስተኛው በደብረ ታቦር አድርጎ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወልድያ ይወርዳል። በዚህ ሜዳ የሚያልፍ መንገደኛ በየዘመኑ የገጠመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው ነገር የት ይመገባል፣ ለምን ያህል ጊዜስ ይቆማል? መልሱ ግን ከዘመን ዘመን በጣም ተለያይቷል።

በጎንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ መልሱ ሣር ነበር። ከአባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በጎጃሙ የባሶ ገበያ አልፎ፣ የጣናን ምሥራቃዊ ዳር ይዞ ወደ ጎንደር ይወጣ ነበር። ከጎንደር አንዱ መንገድ ወደ ምጽዋ፣ ሌላው ወደ መተማ ይሄዳል። ከሰሜን በተቃራኒው አሞሌ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ይወርዳል። ከሜዳው በስተሰሜን ያለችው ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትልቅ ገበያና ቀረጥ የሚከፈልባት ኬላ ነበረች። በአቅራቢያዋ ያለችው ደሪጣ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች፤ የሲራራ ንግዱን ከያዙት ሰዎች ብዙዎቹ ከእንዲህ ዓይነት መንደሮች የወጡ ናቸው። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው ይፋግን በአውቶቡስ መስኮት አይቶ ትልቅ ኬላ ነበረች ቢሉት ለማመን ይቸገራል።

የነጋዴዎቹ ቅፍለት በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጥሩ ተጉዟል ይባላል። የቀኑን ርቀት የሚወስነው የበቅሎዋ ጉልበት ብቻ አልነበረም። ነጋዴው ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች ይሰፍራል፤ ከብቱ በብርሃን መጋጥ አለበት። ጭነቱ ወርዶ በክብ ይደረደራል፣ ኮርቻው ይነሣል፣ የእያንዳንዷ በቅሎ ጀርባ ቁስል እንዳለበት በእጅ እየተዳሰሰ ይታያል። ከዚያ እንስሶቹ ወደ ሣሩ ይለቀቃሉ። ሲመሽ ደግሞ ጅብን ፈርተው ወደ ሰፈሩ መሐል መልሰው ያስሯቸዋል። አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ማለት አንድ ሰዓት ተጨማሪ ግጦሽ ማለት ነበር። ሣርና ውኃ በሌለበት ሠፍሮ ያደረ ነጋዴ ድርቆሽና ገብስ ከባላገር ይገዛል፣ ያ ከጠፋም በማግስቱ ገና ሳይረፍድ ይቆማል። በዚህ ረገድ ፎገራን የሚስተካከል ማረፊያ ጥቂት ነበር። ውኃ የሚተኛበት ሜዳ በበጋ ለምለም ሣር ይሰጣል፤ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላምም የዚሁ ሣር ውጤት ናት።

ያው ውኃ በክረምት መንገዱን ይዘጋው ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም ርብና ጉማራ ከዳር ዳር ሞልተው ሜዳው ረግረግ ይሆናል፤ ነጋዴው በደጋው ከርሞ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ወንዙ ሲጎድል ይነሣል። በርብ ላይ በፋሲለደስ ዘመን (ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም.) እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ የመንገዱን ክብደት ያሳያል፤ ማንም ጥቅም በሌለው መንገድ ላይ ያን ያህል ኖራና ድንጋይ አያፈስም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ አባይ ፏፏቴ ሲሄድ በዚሁ በጣና ምሥራቅ በኩል አልፏል።

በዚህ አገር መንኰራኩር ለማስኬድ በትልቁ የተሞከረው በንግድ ሳይሆን በጦርነት ምክንያት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል የተባለ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ተራራ እየደረመሱ፣ ገደል እየሞሉ፣ መንገዱንም ከመድፉ ፊት ፊት እየጠረጉ ነው። ጉዞው ወራት ፈጀ። ጎታቹ የሰው ጉልበት ስለነበር ስንቁ ከሣር ይልቅ እህል ሆነ፤ እህሉንም የሚያወጣው በመንገዱ ዳር ያለው ገበሬ ነው።

የመኪና ጉዞ የመጣው ከወረራ ጋር ነው። ስታራቼ በተባለ አዛዥ የሚመራው የጣሊያን ሞተረኛ ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ በዚያው ሰሞን ወደ ባሕር ዳር ዘለቀ። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር መንገዶችን እየጠገነና እየሠራ ሲሄድ፣ አዲስ አበባን ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳርና ከጎንደር ጋር የሚያያይዘው መሥመር የጭነት መኪና መንገድ ሆነ። ከ1964 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የቻይና ጉብኝት በኋላ በተደረገው ስምምነት ደግሞ ቻይናውያን የወረታ–ወልድያን መንገድ ሠሩ፤ ሥራው በ1967 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1970ዎቹ አጋማሽ አለቀ። ወረታን መገናኛ ያደረጋት ይህ መንገድ ነው። በኋላ ደረቅ ወደብ ሲታሰብ ከተማዋ የተመረጠችውም ወደ ጅቡቲም ወደ ሱዳንም የሚወስድ መንገድ ስላላት ነው።

ነዳጅ የማረፊያን ትርጉም ለወጠ። ለመኪና አሥር ደቂቃ በማደያ መቆም ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ስለዚህ ቅፍለት ያድርባቸው የነበሩ ሰፈሮች ሾፌሩ ምሳ የሚበላባቸው ወይም ሳያያቸው የሚያልፋቸው ሆኑ። ነጻነት የሚመስለው ግን ሩቅ ጥገኝነት ነበረው። ሣሩ የፎገራ ነው፤ ናፍጣው ከባሕር ማዶ ይመጣል። በ1959 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የአሰብ ማጣሪያ ድፍድፉን ከውጭ እያስመጣ ያጣራ ነበር፤ እሱም በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ። በየካቲት 1966 የነዳጅ ዋጋ ሲንር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ ዙፋኑን የነቀነቀው ንቅናቄም ተጋጋለ። የክፍለ አገር ሾፌር የተማረው ነገር ቀለል ያለ ነው፦ ማደያው ባዶ ሊሆን ይችላልና ጀሪካን ይዞ መውጣት። በመንገድ ዳር በጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን እስከ ዛሬ የአውራ ጎዳናው ገበያ አካል ነው።

በሜዳው ላይ ግን ሌላ ለውጥ እየመጣ ነበር። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የተሞከረው ሩዝ የግጦሹን መሬት ቀስ በቀስ ወሰደው፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ ተቋቋመ። ሩዝ መፈልፈያ ይፈልጋል፣ መፈልፈያ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። በወረታ ዳርና ዳር የተደረደሩት የመፈልፈያ ቤቶች ከተማዋን የትሪ ፌዝ ኤሌክትሪክ ደንበኛ አደረጓት። ይህ ለኋለኛው የመኪና ጉዳይ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤሌክትሪኩም ከሜዳው የራቀ አይደለም። የጢስ አባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. በ11 ሜጋዋት ገደማ ሥራ ጀመረ፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የበለስ ማመንጫ ደግሞ የጣናን ውኃ በዋሻ ወስዶ እስከ 460 ሜጋዋት ያመነጫል። ጣናን ከሚሞሉት አራት ዋና ዋና ገባሮች ሁለቱ ርብና ጉማራ ናቸው። የቅፍለቱን መንገድ ይዘጋ የነበረው የክረምት ሙላት አሁን ተርባይን ያዞራል ማለት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ሲጨምርበት አገሪቱ የምትሸጠው ኃይል አገኘች፣ የምትገዛው ነዳጅ ግን እንዳለ ነበር።

መንግሥት ግን ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ያዞረው ግድቡ ከመመረቁም በፊት ነው። በ2014 ዓ.ም. የቀረጥና የታክስ ማበረታቻ ተሰጠ፤ በጥር 2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በኩል ይፋ ሆነ። የገቡት መኪኖች አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ናቸው፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩት የቮልስዋገን አይዲ መኪኖችም ከቢዋይዲ ጋር አብረው ገቡ። ፈጣን ቻርጀሮች ግን በብዛት የተተከሉት አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. የከፈተውም በቦሌ መንገድ ነበር። ከከተማ ወጥቶ ክፍለ አገር የሚሄድ ሰው እንደ ድሮው ነጋዴ ማረፊያውን ቀድሞ ማስላት ግድ ሆነበት።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው መኪና በመካከለኛ ፍጥነት በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢበላ፣ በሜዳ መንገድ ከ350 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ርቀት ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። በመሐል የአባይ በረሃ አለ። 2 ቶን የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ለመውጣት ከተራው ፍጆታ በላይ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ ከጎሐ ጽዮን ሲወርድ ሞተሩ ወደ ባትሪው የሚመልሰው ኃይል ከደጀን ዳገት የሚበላውን በከፊል ብቻ ይክሳል። በአንጻሩ የደጋው አየር ስስ ስለሆነ መኪናውን ብዙም አይገፋውም፣ ባትሪውን የሚያደነዝዝ በረዶም የለም። ስለዚህ ባሕር ዳር ለመድረስ በመንገድ አንዴ በደንብ መቆም የግድ ነው፤ ለዚህም የደብረ ማርቆስ አካባቢ ይመቻል።

ቆይታውን የሚወስነው የሶኬቱ ዓይነት ነው። በተራ የቤት ሶኬት፣ ከ2 ኪሎዋት ትንሽ በሚበልጥ ኃይል፣ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በ7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር ከምሽት እስከ ንጋት ይሞላል፤ ይህ የበቅሎው አዳር ነው። በ60 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር ከ20 በመቶ ወደ 80 ለመድረስ 40 ደቂቃ አካባቢ ይበቃል፣ ሾፌሩም ምሳውን በልቶ ይነሣል። ነገር ግን አንድ እንዲህ ያለ ቻርጀር በአንድ ጊዜ የሚስበው ኃይል ከበርካታ የሩዝ መፈልፈያዎች ጋር የሚተካከል ነው። በወረታ ሁለቱ በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ቢውሉ፣ የሩዝ አጨዳው አልፎ መፈልፈያ ቤቶቹ በሚጨናነቁበት ወቅት ማን ቅድሚያ ያገኛል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማደያ በጄኔሬተር ነዳጁን ይቀዳል፤ ፈጣን ቻርጀርን በጄኔሬተር ማንቀሳቀስ ግን ናፍጣውን ዞሮ መግዛት ነው።

ከወረታ የሚወጡት ሦስት መንገዶች ለዚህ መኪና እኩል አይደሉም። የባሕር ዳሩና የጎንደሩ መንገድ ደርሶ መልስ እንኳ በአንድ ሙሌት ይቻላል። የወልድያው መንገድ ሌላ ነገር ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ ደብረ ታቦር 900 ሜትር ያህል ይወጣል፣ በጉና ትከሻ አልፎ በነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ ከጋሸና በኋላ ወደ ወልድያ ይወርዳል። 60 ኪሎዋት ሰዓት ይዞ ከወረታ የተነሣ መኪና ወልድያ ሊደርስ ይችላል፤ የሚተርፈው ግን መንገድ ተዘግቶ ወደ ኋላ ለመመለስ አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢው በተከሰተው ግጭት ደግሞ መንገድ መዘጋት የተለመደ ነገር ሆኗል። በዚህ መሥመር ደብረ ታቦር ወይም ነፋስ መውጫ ላይ አስተማማኝ ቻርጀር እስካልቆመ ድረስ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ በማለዳ መነሣት አለበት፤ ከወልድያ ወደ ወረታ የሚመጣው ግን ከተነሣበት ዝቅ ወዳለ ሜዳ ስለሚወርድ በመጨረሻው 40 ኪሎ ሜትር ከባትሪው የሚያወጣው እጅግ ትንሽ ነው።