ኵርዓተ ርእሱ፦ ጎንደር ያለቀሰችለት ሥዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየአብያተ ክርስቲያናቱ የእሾህ አክሊል የደፋ፣ ደም በፊቱ የሚወርድ የጌታችንን ሥዕል አይታችሁ ይሆናል። ስሙ ኵርዓተ ርእሱ ነው፤ «የራሱ መመታት» ማለት ነው። ስያሜው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ጭፍሮች የጌታን ራስ በመቃ መምታታቸውን ያዘክራል። ዛሬ የምናነሣው ለእነዚህ ሥዕሎች አብነት የሆነውን ጥንታዊ ሥዕል ነው።

በትውፊት ሥዕሉ የወንጌላዊው የቅዱስ ሉቃስ እጅ ሥራ ነው ይባላል፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ግን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓዊ ሠዓሊ እንደ ተሣለ ይናገራሉ። የጎንደር ነገሥታት በክብር ያኖሩት ነበር፤ መኳንንቱ ይምሉበት፣ ሠራዊቱም ይዞት ይዘምት ነበር።

በ1736 ዓ.ም. ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ወደ ስናር ዘመቱ። በድንደር ወንዝ አጠገብ ሠራዊታቸው ተሸነፈ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ኵርዓተ ርእሱም ተማረከ። ጎንደር ለወደቁት ልጆቿም ለሥዕሉም አለቀሰች። ኋላ በወርቅ ተቤዥቶ ሲመለስ ከተማይቱ በታላቅ ደስታ ተቀበለችው።

ሁለተኛው ኀዘን ግን መጽናኛ አላገኘም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲወድቁ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ሥዕሉን ወስዶ ለራሱ አስቀረው። በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ እንዲመለሱ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ከሆምስ ሞት በኋላ በሐራጅ ተሸጠ፤ እስከ ዛሬም ወደ ሀገሩ አልተመለሰም።

እንግዲህ ልብ እንበል። አባቶቻችን ለድል ይዘውት የዘመቱት ሥዕል ድል አድራጊ ንጉሥን አያሳይም፤ ተመትቶ መልሶ ያልመታውን ጌታ ያሳያል። በዘመናችንም በሰሜን ጎንደር ደጋ ልጇን በጦርነት ያጣች እናት በዚህ ሥዕል ፊት ስትቆም ኀዘኗን የሚያውቅ አምላክ አላት።

ጥንታዊው ሥዕል ቢወሰድም ሠዓሊዎቻችን በብራናና በገበታ ደጋግመው ስለ ሣሉት መልኩ ከእኛ ዘንድ አልጠፋም። ስለዚህ በደብራችሁ ያለውን ንዋየ ቅድሳት እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ። ኵርዓተ ርእሱንም ስታዩ የወደቁትን በጸሎት አስቡ፤ ለሚያለቅሱት ደግሞ አጽናኝ ሁኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።