የጃዝ መሠረት፤ ስለ ቤዝና ስለ ደርዳሪዎቹ

ባዲ ቦልደን የተባለው የኒው ኦርሊንስ ባለመለከት ከጓዶቹ ጋር እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ገደማ የተነሣው ፎቶግራፍ ከዚያ ቀደምት ማኅበር የተረፈ ብቸኛ ሥዕል ነው፤ ድምፃቸውን የያዘ አንድም ሸክላ በእጃችን ስለሌለ፣ የጃዝን ልደት የሚመረምር ሰው ሁሉ ጆሮው ያጣውን በዐይኑ ለማግኘት ወደዚሁ ሥዕል መመለስ ግድ ይሆንበታል። በሥዕሉ ከሚታዩት ስድስት ሰዎች መካከል ጂሚ ጆንሰን ያን ግዙፍ ባለአራት አውታር ቤዝ ይዞ ይታያል። እንግዲህ ቤዝ ከጃዝ ልደት ጀምሮ በማኅበሩ ውስጥ የነበረ በኵር መሣሪያ ነው። ሆኖም በኵርነቱ ለብዙ ዘመን ክብር አላስገኘለትም፤ ከመለከቱና ከክላርኔቱ በታች ሆኖ የጨፋሪዎቹን እግር ከማጽናት በቀር ሌላ ነገር ይናገራል ብሎ የጠበቀው አልነበረም። ዛሬ ቤዝ የሚማር ወጣት በቃሉ ሊይዛቸው የሚገባው ጥቂት መስመሮች አሉ፤ እነዚህን መስመሮች እንደ ጣት ማፍታቻ ብቻ አድርጎ መያዝ ግን በእኔ አስተያየት ግማሹን ትምህርት መጣል ነው፤ እያንዳንዳቸው ይህ መሣሪያ አገልጋይነቱን ሳይለቅ እንዴት መሪ ለመሆን እንደበቃ ይመሰክራሉና።

የመጀመሪያው ዕንቅፋት የመጣው ከድምፅ መቅረጫው ነበር። ኤሌክትሪክ ወደ ቀረፃ ቤት ከመግባቱ በፊት ተጫዋቾቹ በአንድ ሰፊ ቀንድ ፊት ይቆሙና፣ የድምፃቸው ኀይል ብቻ መርፌውን እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ ይጽፍ ነበር፤ በዚህ አሠራር የመለከት ድምፅ ጥርት ብሎ ሲቀር የቤዝ ድምፅ ግን ከሞላ ጎደል ይጠፋ ነበር። ስለዚህ የኪንግ ኦሊቨር ማኅበር በ1923 በኢንዲያና ግዛት በሪችመንድ ከተማ ሸክላ ሲያስቀርጽ፣ ከቀደምት የቤዝ ሊቃውንት አንዱ የነበረው ቢል ጆንሰን ቤዙን ትቶ ባንጆ ሲመታ እናገኘዋለን፤ ሌሎች ብዙ ማኅበራትም ቱባ የተባለውን ትልቅ የነሐስ መሣሪያ ይመርጡ ነበር። በ1925 ማይክሮፎን ሲገባ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ያን ጊዜ የሉዊዚያናው ፖፕስ ፎስተር፣ አውታሩን በጣቱ ስቦ ሲለቀው ከእንጨቱ ጋር እየተላተመ የሚጮኸውን ያን የኒው ኦርሊንስ አመታት ዓለም ሁሉ ሊሰማው ቻለ፤ አውታሮቹም እንደ እኛ በገና ከአንጀት የተፈተሉ ነበሩና ድምፃቸው ወፍራምና ለስላሳ ነበር። በ1927 ወደ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ የገባው ዌልማን ብራውድም በዚሁ ዘመን ስሙ ገነነ። (ኤሊንግተን በ1973 ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ የመጣው፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን የተሸለመው ሰው ነው።)

ነገር ግን ለቤዝ ሕግ የሠራለት ዋልተር ፔጅ ነው። ፔጅ በ1900 በሚዙሪ ግዛት በጋላቲን ተወልዶ፣ በካንሳስ ሲቲ በሊንከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሜጀር ክላርክ ስሚዝ እጅ ሙዚቃን የተማረ፣ ብራውድንም በወጣትነቱ ሰምቶ ልቡ የተማረከ ሰው ነበር። በኦክላሆማ ሲቲ ብሉ ዴቪልስ የተባለውን ማኅበር መራ፤ በዚያ ማኅበር ፒያኖ ይመታለት የነበረው ካውንት ቤዚ በተራው መሪ ሆኖ ኦርኬስትራውን በ1936 ወደ ኒው ዮርክ ሲያወጣም ፔጅ በትሕትና ተከተለው። ቀድሞ ቤዝ ከአራቱ ምቶች ሁለቱን ብቻ እየመታ ሌሎቹን ለባንጆ ይተው ነበር፤ ፔጅ ግን አራቱንም በእኩል ድምፅ አስኬዳቸው። በመጀመሪያው ምት የኮርዱን መሠረት ይረግጣል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው በኮርዱ ድምፆች መካከል ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ በአራተኛው የሚመጣውን ኮርድ መሠረት በግማሽ ድምፅ ቀርቦ ይጠብቅና አድማጩ ሳያውቀው ወደዚያው ያሻግረዋል። ሙዚቀኞች ዎኪንግ ቤዝ የሚሉት ይህ ነው። ፔጅ ብቻውን ፈጠረው ለማለት አልደፍርም፤ ብራውድም ሌሎችም እጃቸው አለበት፤ ያጸናው ግን እርሱ ነው። ምቱ በቤዝ ላይ ስለ ጸና፣ ጆ ጆንስ ከበሮውን በእግሩ መደብደቡን ቀነስ አድርጎ ምቱን ወደ ጸናጽሉ ለማውጣት ቻለ፤ የቤዚም ግራ እጅ ከሸክሙ ዐረፈ፤ በ1937 ፍሬዲ ግሪን ጊታሩን ይዞ ሲጨመር አራቱ ሰዎች እንደ አንድ አካል ሆኑ። በ1937 የተቀረጸውን «ዋን ኦክሎክ ጃምፕ»ንና በ1938 የተቀረጸውን «ፔጂን ዘ ዴቭል»ን ደጋግሞ ያልሰማ ተማሪ፣ ጣቱ ምንም ቢፈጥን፣ መሠረት ያለው አይመስለኝም።

ፔጅ ቤዝን የሙዚቃው ምሰሶ ካደረገው በኋላ፣ አንደበት የሰጠው ጂሚ ብላንተን ነው። በ1918 በቴነሲ ግዛት በቻታኑጋ ከፒያኖ መምህርት ተወልዶ፣ አስቀድሞ ቫዮሊን የተማረው ይህ ልጅ በ1939 በሴንት ሉዊስ ሲጫወት የኤሊንግተን ሰዎች ሰሙት፤ ኤሊንግተንም በኦርኬስትራው ሌላ ቤዝ መቺ እያለው ወዲያው ቀጠረው። የቫዮሊን ልጅነቱ በቤዙ ላይ ይታወቃል፤ እንደ መለከትና እንደ ሳክስፎን ረጃጅም ዐረፍተ ነገር ይናገራል፣ ስምንተኛ ኖታዎችን ያለ ድካም ያፈስሳል፣ ደጋኑንም ሲያነሣ ቅኝቱ አይዛነፍም። መጋቢት 1940 የተቀረጸው «ጃክ ዘ ቤር» የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእርሱ ድምፅ ነው፤ ኤሊንግተን ያን ሁሉ የነሐስ ሠራዊት ዝም አሰኝቶ ከኋላ የኖረውን መሣሪያ ወደ ፊት ሲያወጣው፣ ታላቅ መሪ የሰውን ጸጋ ማወቁ ምን ፍሬ እንደሚያፈራ ይታያል። ከዚያም ሁለቱ ብቻቸውን፣ ፒያኖና ቤዝ ሆነው፣ ሸክላ ቀረጹ። ነገር ግን ነቀርሳ ሳንባውን ይዞት ኖሮ፣ በሐምሌ 1942 በካሊፎርኒያ በ23 ዓመቱ ዐረፈ። ከኤሊንግተን ጋር የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ነው፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ኦስካር ፔቲፎርድና ሬይ ብራውን፣ ቻርልስ ሚንገስም ጭምር፣ እርሱ በከፈተው በር የገቡ ናቸው።

ቤዝ መቺው ፖል ቻምበርስ በመጋቢት 1959 በኒው ዮርክ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው የኮሎምቢያ ቀረፃ ቤት ከባለመለከቱ ማይልስ ዴቪስ ጋር ሲገባ ዕድሜው ያው 23 ነበር። በዚያ ቀን የተቀረጸው «ሶ ዋት» ሥርዐቱን ሁሉ የገለበጠ ሥራ ነው፤ ዜማውን የሚናገረው ቤዙ ሲሆን፣ ፒያኖውና ነፋሾቹ በሁለት ኮርድ ብቻ ይቀበሉታል። ይህ የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ልማድ ነው፤ ሰባኪው ይጣራል፣ ምእመናኑ አሜን ይላሉ፤ ዴቪስ የሰባኪውን ስፍራ ለቤዝ ሰጠው። መስመሩ ለጣት አይከብድም፤ ክብደቱ በትዕግሥቱ ነው፤ ከተናገረ በኋላ ዝም ይላል፣ መልሱን ይጠብቃል፣ ደግሞም ይናገራል። ዜማው ከአንድ ቅኝት ተነሥቶ፣ ለስምንት ቤት ያህል በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ፣ ወደ ፊተኛው ይመለሳል፤ በዚህ ጠባብ ሜዳ ላይ ነው ቻምበርስ ያን ያህል ስፋት ያገኘው። ቻምበርስም በ1969፣ በ33 ዓመቱ፣ እንደ ብላንተን በነቀርሳ ሞተ፤ የእነዚህን ሁለት ሰዎች ነገር ሳስብ ኀዘን ይሰማኛል።

በ1961 ቪሌጅ ቫንጋርድ በተባለው የጃዝ ቤት ከፒያኖ መቺው ቢል ኤቫንስ ጋር ተጫውቶ ከጥቂት ቀን በኋላ በመኪና አደጋ የሞተው ቤዝ መቺ ስኮት ላፋሮ ከፒያኖ ጋር አቻ ሆኖ መነጋገርን አስተምሯል፤ ጀማሪ ተማሪ ግን በእርሱ አይጀምር፣ በኋላ ይደርስበታልና። ለጀማሪ የሚበጀው የጂሚ ጋሪሰን አራት ኖታ ነው። ሁለቱም አያቶቹ ሰባክያን የነበሩት ጆን ኮልትሬን በታኅሣሥ 1964 በኒው ጀርሲ «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ን ለእግዚአብሔር ምስጋና አድርጎ ሲያቀርብ፣ የመጀመሪያውን ክፍል የሚሸከመው ይህ የቤዝ ሐረግ ነበር፤ ኮልትሬን ሐረጉን በሳክስፎኑ ተቀብሎ በየቅኝቱ ሁሉ ይዞት ከዞረ በኋላ፣ በመጨረሻ በሰው ድምፅ ደጋግሞ ዘመረው። ቤዝ የጀመረው ጸሎት ሆኖ ተፈጸመ።

ተማሪው ሊያውቀው የሚገባ አንድ የእጅ ጉዳይ ይቀራል። ፔጅና ብላንተን በአንጀት አውታር፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ስለሚመቱ አውታራቸውን ከእንጨቱ ከፍ አድርገው ይወጥሩ ነበር፤ ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት እያንዳንዱ ምት ከሚቀጥለው ተለይቶ ይሰማ ነበር። ከ1950ዎቹ ወዲህ የብረት አውታር ሲስፋፋ፣ በኋላም በመሣሪያው ላይ የሚገጠመው ማጉያ ሲለመድ፣ አውታሩ ዝቅ አለ፣ ድምፁ ረዘመ፣ ጣትም ፈጠነ። ስለዚህ የፔጅን መስመር በዛሬ ቤዝ የሚያጠና ሰው ማጉያውን ነቅሎ፣ መስመሩን ከሸክላው ጋር አስቀድሞ በአፉ ዘምሮ፣ ከዚያ በሙሉ የጣቱ ሥጋ አውታሩን እየሳበ፣ ግራ እጁን በየምቱ መጨረሻ በጥቂቱ እያላላ ቢደረድር፣ አራቱ ምቶች ቤዚ በሰማቸው አኳኋን ይሰሙታል።