ፋብሪካው ሞቶ መኪናው ለምን ኖረ?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ አንባቢያን፣ በስምንት ማዕዘን ውስጥ «ኤምጂ» የሚል ምልክት የለጠፉ አዳዲስ መኪኖችን በየመንገዱ ሳታዩ አትቀሩም። የዛሬዎቹን የሚሠራቸው ሳይክ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው። ምልክቱ ግን የእንግሊዝ ነው። በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኦክስፎርድ ከተማ ውስጥ «ሞሪስ ጋራዥስ» የሚባል የመኪና መሸጫና መጠገኛ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሴሲል ኪምበር የተለመዱትን የሞሪስ መኪኖች አካላቸውን እየቀየረ፣ ቀለል ያሉና ፈጣን እያደረገ መሸጥ ጀመረ። ሁለቱ ፊደላት የመጡት ከዚያ ነው።

ዛሬ የማነሳው ከዚህ ቤት የወጣውን ኤምጂቢ የተባለ የስፖርት መኪና ነው። ታሪኩ አንድ ኢንዱስትሪ እንዴት እንደሚወድቅ ያሳያል። ኢንዱስትሪው ሲወድቅ ባለቤቶች ንብረታቸውን በምን እንደሚያተርፉም ያሳያል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሪታንያ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቃ ነበር። ዶላር ስለሚያስፈልጋት መንግሥት ብረት በቅድሚያ የሚያድለው ምርቱን ወደ ውጭ ለሚልክ ፋብሪካ ነበር። ቲሲ የተባለችው ትንሽ ባለ ሁለት ወንበር ኤምጂ ከ1945 እስከ 1949 ድረስ 10,000 ያህል ተሠራች፤ አሜሪካውያንም ወደዷት። በ1962 የወጣው ኤምጂቢ ገበያውን በብዙ እጥፍ አሰፋው። እስከ 1980 ድረስ ከ500,000 በላይ ተመርቷል፤ ትልቋ ገዢም አሜሪካ ነበረች።

ይህን መኪና መያዝ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጠላት ዝገት ነው። መኪናው ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ራሱ አካሉ ነው። ስለዚህ ከበሮቹ በታች ያለው ላሜራ ሲበሰብስ የተበላሸው መልኩ ብቻ አይደለም፣ አከርካሪው ነው። በስቱኮና በቀለም የተሸፈነ ብስባሽ ገዝቶ ያለቀሰ ብዙ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ እስኪቀየር ድረስ ባትሪዎቹ ሁለት ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ የተቀመጡትም ከወንበሮቹ ኋላ ከወለሉ ሥር ስለሆነ የሚያስታውሳቸው አልነበረም። የእንግሊዝ መኪኖች መብራት መንገድ ላይ እየጠፋ ስላስቸገረ፣ ባለቤቶቹ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቹን ሉካስን በቀልድ «የጨለማው ልዑል» ይሉታል። የነዳጅ ፓምፑ ቀጥ ሲል ደግሞ የታወቀው መድኃኒት ወርዶ መታ መታ ማድረግ ነው።

ታዲያ ሰዎች ለምን ይይዙታል? ሞተሩ 1.8 ሊትር፣ ጉልበቱ 95 የፈረስ ጉልበት ነው፤ በዛሬ ሚዛን ተራ ነው። ነገር ግን ሾፌሩ ለመሬት ቀርቦ ስለሚቀመጥ፣ ጣሪያው ስለሚከፈትና መሪው የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ለእጅ ስለሚናገር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እንደ በረራ ይሰማል። ሌላው ደስታ ኮፈኑ ሲነሳ ነው። ሁሉም ነገር ይታያል፣ እጅም ይገባል። ሁለቱን ካርቡሬተሮች በጥቂት መፍቻና በጥሩ ጆሮ ማስተካከል ይቻላል።

ፋብሪካውን የጎዳው ከላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው። በ1968 ብሪቲሽ ሌይላንድ ሲመሠረት ኤምጂ ከተቀናቃኙ ከትራያምፍ ጋር አንድ ቤት ገባ። ለአዲስ የስፖርት መኪና የተመደበው ገንዘብ ወደ ትራያምፍ ሄደ፤ ኤምጂቢ ለ18 ዓመት ያንኑ አካል እንደለበሰ ቀረ። የአሜሪካን የግጭት ደንብ ለማሟላት ከ1974 ጀምሮ ከባድ ጥቁር የጎማ ፓራውልት ተገጠመለት፣ ከመሬትም ከፍ ተደረገ፤ በዚህም አያያዙ ተበላሸ። በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻ ፓውንድ በዶላር ላይ ሲጠነክር የአሜሪካው ሽያጭ ኪሳራ ሆነ።

በመስከረም 1979 የአቢንግደን ከተማ የፋብሪካዋን 50ኛ ዓመት አከበረች። ክብረ በዓሉ ገና ሳይቀዘቅዝ የማምረቻው መዘጋት ታወጀ፤ በጥቅምት 1980ም በሩ ተዘጋ። ስለ ብሪታንያ የመኪና ኢንዱስትሪ ውድቀት ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው በሠራተኛ ማኅበራት ላይ ነው። አቢንግደን ግን በአድማ የሚታወቅ ፋብሪካ አልነበረም። ሠራተኛው እየሠራ ነው ቤቱ የተዘጋበት።

ከዚያ በኋላ መኪናውን በሕይወት ያቆዩት ባለቤቶቹ ናቸው። ማኅበር መሥርተው ዕውቀት ተለዋወጡ፤ ፍላጎታቸው መለዋወጫ የሚያመርቱ ትናንሽ ድርጅቶችን አኖረ። በ1988 ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት በቀድሞዎቹ የላሜራ መጭመቂያ ቅርጾች ሙሉ አዲስ አካል መሥራት ጀመረ። ዝገት የጨረሰው መኪናም ሞተሩን ይዞ ዳግም ተወለደ። ዛሬ በብሪታንያ ሕግ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ መኪና የመንገድ ግብር አይከፍልም፤ በመሠረቱ ካልተለወጠም ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ ነው። የንግድ ስሙ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ኤምጂ ሮቨር በ2005 ከከሰረ በኋላ ወደ ቻይና ተሻገረ።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ስንነጋገር የምናነሳው ዋጋውንና በአንድ ቻርጅ የሚሄደውን ርቀት ነው። ኤምጂቢ የተረፈው ምርጥ መኪና ስለነበረ አይደለም፤ ይዘጋል፣ ያፈሳል፣ ይዝጋል። የተረፈው የሠፈር መካኒክ ከፍቶ ሊያየውና ሊጠግነው ስለቻለ ነው። የዛሬው መኪና ግን በአምራቹ ሶፍትዌር የተቆለፈ ነው። ስለዚህ አስመጪውንም መንግሥትንም አሁኑኑ መጠየቅ ያለብን፣ አምራቹ ከገበያ ቢወጣ የመጠገኛው ሶፍትዌርና መለዋወጫው በማን እጅ እንደሚቀር ነው።