ዜና አክሱም፦ የነጋዴዎች ጸሎት ቤትና የንጉሥ ቃል

በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በአራተኛው መቶ ዓመት፣ በአክሱም ከተማ የሆነውን ነገር እንጽፋለን። የምንጽፈው ከአክሱም ርቀን፣ ኢትዮጵያና ኬንያ በሚዋሰኑባት በሞያሌ፣ በኬንያው ወገን ተቀምጠን ነው። ርቀቱ እንቅፋት ቢመስልም ይረዳል እንጂ አያሰናክልም። ሞያሌ የእንግሊዝ መንግሥትና አፄ ምኒልክ በ1907 የተስማሙበት ድንበር ለሁለት የከፈላት የነጋዴ ከተማ ናት። ሽልንግና ብር በአንድ መሳቢያ ያድራሉ፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም አለ፤ ዋቃን የሚለምን ቦረናም አለ። እንዲህ ያለች ከተማ የምታስተምረው ነገር አላት። የሩቅ አገር እምነት መጀመሪያ የሚያድረው በሹም ግቢ ሳይሆን በእንግዳ ማደሪያ ነው። መንገደኛው ጭነቱን ካራገፈ በኋላ የአገሩን ሰው ይፈልጋል፤ ካገኘውም በኋላ አብረው የሚጸልዩበት ጥግ ይፈልጋሉ። አክሱምም ክርስትናን የተቀበለችው በዚህ መንገድ ነው ብለን እንከራከራለን። በአንድ ቀን አዋጅ አልተጠመቀችም። ነገሩ ከነጋዴው ቤት ተነሥቶ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ንጉሡም ካመነ በኋላ ለማን ምን ማለት እንዳለበት እየለየ ተናገረ፤ ገጠሩ ድረስ እስኪዘልቅ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

አስቀድሞ ከተማዋ ምን እንደነበረች ይታወቅ። አክሱም ሃይማኖት አጥታ አዲስ ሃይማኖት የምትጠብቅ ከተማ አልነበረችም። አስታር፣ ብሔርና ምድር የሚባሉ አማልክት ነበሯት፤ ነገሥታቱ ደግሞ አባታችን የሚሉት ማሕረም የተባለ አምላክ ነበራቸው፤ የነገሥታቱ የግሪክ ጽሑፎች የግሪኮችን የጦር አምላክ አሬስን በእርሱ ስም ምትክ ያስገቡ ነበር። ለሙታን መታሰቢያ ከአንድ አለት እየተፈለፈሉ ከሚቆሙት ሐውልቶች ትልቁ 33 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ500 ቶን ያልፋል። ይህን የሚያህል ድንጋይ ጎትቶ የሚያመጣ ሕዝብ በእምነቱ የሚቀልድ ሕዝብ አይደለም። ኢዛና ራሱም የዚህ ሃይማኖት ሰው ነበር። ቤጃ የተባሉትን ሕዝቦች ድል ካደረገ በኋላ በግዕዝና በግሪክ ያስጻፈው ድንጋይ እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ላይ የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ነኝ ይላል፤ 4,400 የቤጃ ሰዎችን ወደ ሌላ አገር ወስዶ እንዳሰፈረ፣ ከብትና ስንቅም እንደሰጣቸው ይቆጥራል፤ ለአምላኩም ምስጋና አንድ የወርቅ፣ አንድ የብር፣ ሦስትም የናስ ምስል እንዳቆመ ይናገራል። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። የማሕረም ልጅ ነኝ ብሎ በድንጋይ ያስጻፈ ንጉሥ ማሕረምን ሲተው የሚክደው አባቱን ነው፤ ዙፋኑም የቆመው በዚያ ስም ላይ ነበር። ኋላ የምናየውን ዝግታ ፍርሃት ብሎ ለመናቅ የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ይህን ይመዝን።

አሁን ወደ ፍሬምናጦስ እንምጣ። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ የተባለ የላቲን ጸሐፊ ነው፤ የጻፈውም በአምስተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ነው። የሰማሁት ከተራ ወሬ አይደለም፣ ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ነው ብሎ ይመሰክራል። ነገሩም እንዲህ ሆነ። ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፣ ሁለቱን ልጆች፣ ይዞ ከሩቅ ጉዞ ሲመለስ መርከቡ ውሃና ስንቅ ሊይዝ ወደብ ላይ ቆመ። የአገሩ ሰዎች ከሮም ጋር የነበራቸው ውል በዚያ ወቅት ፈርሶ ነበርና በመርከቡ የነበሩትን ፈጇቸው። ልጆቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ አዘኑላቸውና ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ንጉሡም ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስን የሒሳብና የደብዳቤ ሹም አደረገ። ንጉሡ ሲሞት አልጋ ወራሹ ገና ሕፃን ነበር፤ ንግሥቲቱም ልጄ እስኪያድግ መንግሥቱን አብራችሁኝ ጠብቁ ብላ ለመነቻቸው።

ከዚህ ታሪክ ሁሉም የሚወደው ምርኮኛው ልጅ ሹም መሆኑን ነው። ክርክራችን የሚቆመው ግን ቀጥሎ ባለው፣ ተራኪዎች ፈጥነው በሚያልፉት ቦታ ላይ ነው። ሩፊኖስ እንደሚለው ፍሬምናጦስ ሥልጣን በእጁ በገባ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራው ሕፃኑን ንጉሥ ማጥመቅ አልነበረም፤ ጣዖትም አልሰበረም። በአገሩ ከሚነግዱት የሮም ሰዎች መካከል ክርስቲያን አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ፈልጎ አገኛቸው፤ እየተሰበሰቡ የሚጸልዩበትን ቤት በየስፍራው እንዲያቆሙ ፈቀደላቸው፤ መሥሪያ ቦታና የሚያስፈልገውንም ሁሉ ሰጣቸው። እነዚህ ነጋዴዎች ከሰማይ አልወረዱም። በአንደኛው መቶ ዓመት ለባሕር ነጋዴዎች የተጻፈ አንድ መመሪያ ከአዱሊስ ወደብ እስከ አክሱም የስምንት ቀን መንገድ እንደሆነ፣ የዝሆን ጥርስም በዚያ መስመር እንደሚወርድ ይናገራል። መንገዱ ከፍሬምናጦስ በፊት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲረገጥ ኖሯል። ስማቸውን ማንም ያልጻፈላቸው ክርስቲያኖችም በዚያ መንገድ ቀድመውት ገብተዋል። የሒሳብ ሹም መሆኑም እንዲያው የሆነ ነገር አይመስለንም፤ የመንግሥትን ሒሳብ የሚይዝ ሰው ቀረጥ የሚከፍለውን ነጋዴ ያውቀዋል። ይህ ለድንበር ከተማ ሰው ማስረጃ አያሻውም።

አልጋ ወራሹ ካደገ በኋላ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄደ። በ328 በመንበሩ የተቀመጠው አትናቴዎስ ዘንድ ቀርቦ ጳጳስ ላክልን አለ። የልመናው አነጋገር ራሱ ምስክር ነው፤ ጳጳስ የጠየቀው ገና ለሚሰበክ ሕዝብ ሳይሆን አስቀድመው ለተሰበሰቡት ክርስቲያኖችና ለተሠሩት ጸሎት ቤቶች ነበር። አትናቴዎስም ከአንተ የተሻለ ወዴት ይገኛል ብሎ እርሱን ራሱን ሾሞ መለሰው። ሕዝባችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሚለው፣ ቤተ ክርስቲያንም ሐምሌ 26 ቀን የምታስበው እርሱ ነው።

ንጉሡ ኢዛናስ? የንጉሡን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ እኛ የምንመረምረው ወርቁንና ድንጋዩን ነው። የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ትንሽ ናት፤ የኢዛና ዘመኗ ክብደቷ ጥቂት ግራም ብቻ ነው፤ በጣት ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። በመካከሏ የንጉሡ ፊት አለ፤ ግራና ቀኙን ሁለት የእህል ዛላዎች ከበውታል፤ ጽሑፉ በግሪክ ነው። በቀደሙት ሳንቲሞች ላይ ከፊቱ በላይ ክብና ግማሽ ጨረቃ ይታያሉ፤ ይህም የቀድሞው ሃይማኖት ምልክት ነው። በኋለኞቹ የኢዛና ሳንቲሞች ላይ ክቡና ጨረቃው ጠፍተው መስቀል ተተካ። ወርቁ ወዴት ይሄድ ነበር? ወደ አዱሊስ፣ ከዚያም ወደ ሮም ሰዎች። በሞያሌ ሽልንጉን ለኬንያው፣ ብሩን ለኢትዮጵያው የሚለይ ነጋዴ ይህን ወዲያው ይረዳዋል፦ ገንዘብ የሚናገረው ለሚቀበለው ሰው ነው። ድንጋዩም እንዲሁ ነው። ኢዛና ኖባ በተባሉ ሕዝቦች ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግዕዝ ያስጻፈው ጽሑፍ ማሕረምን አያነሣም፤ ድሉን የሰጠው እግዚአ ሰማይ ነው ይላል፤ ክርስቶስን ግን በስሙ አይጠራም። በ1969 አክሱም ውስጥ የተገኘው፣ ስለ ኖባ ዘመቻ የሚናገረው የግሪክ ጽሑፍ ግን ሳይሸፍን አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል፤ ክርስቶስንም ይመሰክራል። ግሪክ ለሚያነበው እንግዳ እምነቱን ገልጦ ነገረው፤ ግዕዝ ለሚያነበው ዜጋ ሰማዩን አሳየው።

እግዚአ ሰማይ የሚለው ቃል የተመረጠበትን ጥበብ ለማየት ከሞያሌ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በቦረና አፍ ዋቃ ማለት ሰማይም ነው፣ አምላክም ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን ዋቃዮ ብሎ የጠራውም ከዚያው ሥር ነው፤ ሕዝቡ ከአያቶቹ የወረሰውን ስም ለአዲሱ ትምህርት አዋሰው። እግዚአ ሰማይ የሚለውን ክርስቲያኑ ሲሰማ አሜን ይላል፤ አስታርን የሚያመልከው ሽማግሌም ሲሰማ የሚቆጣበት ምክንያት አያገኝም። በሺህ አምስት መቶ ዓመት ልዩነት፣ ሁለት ተርጓሚዎች አንዱ የሌላውን ሳያውቅ በአንድ በር ገቡ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። እግዚአ ሰማይ ማለት ክርስቲያን መሆንን አያሳይም፤ በዚያ ዘመን በባሕሩ ማዶ በደቡብ ዐረብ የነበሩ ሰዎችም አንዱን የሰማይ ጌታ ይጠሩ ነበር፤ ስለዚህ ኢዛና አንድ አምላክ ያመነ እንጂ ክርስቲያን አልነበረም የሚሉ አሉ። የግዕዙ ድንጋይ ብቻ ቢኖረን ኖሮ አፋችንን ይዘን በተቀመጥን ነበር። ነገር ግን የግሪኩ ድንጋይ አለ፤ መስቀል ያለበት ወርቅም አለ። ከሁለቱም ሌላ የአትናቴዎስ ጽሑፍ አለ፤ እርሱም ፍሬምናጦስን የአክሱም ጳጳስ ብሎ ይጠራዋል። ይኸው ጽሑፍ ሌላ ክርክርም ይዘጋል፤ ሩፊኖስ አገሩን ህንድ ብሎ ስለጻፈ ታሪኩ የእኛ አይደለም ለሚሉት መልሱ በዚያ ይገኛል። የጥንት ጸሐፊዎች ከቀይ ባሕር ወዲያ ያለውን አገር ብዙ ጊዜ ህንድ ይሉት እንደነበር ይታወቃል።

ሌላው ተቃውሞ የፖለቲካ ነው። ኢዛና መስቀሉን የቀረጸው ሮምን ለማስደሰትና ንግዱን ለማስፋት ነው ይላሉ። ንግዱ አልጠቀመውም አንልም፤ ስንከራከርበት የቆየነው ራሱ ነውና። ነገር ግን ሮምን ማስደሰት ዋናው ነገር ቢሆን ኖሮ በ356 ገደማ የሆነው ሌላ መልክ በያዘ ነበር። የአትናቴዎስ ተቃዋሚዎች የሆኑትን አርዮሳውያንን ይደግፍ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንቲዮስ፣ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ፣ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ፦ አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ይላክ፣ አዲሱ የእስክንድርያ ጳጳስ ጊዮርጊስ እምነቱን ይመርምር የሚል ነበር። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በራሱ መከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ስላስገባው ዛሬም ይነበባል። የአክሱም ነገሥታት ፍሬምናጦስን አሳልፈው ሰጡ የሚል ምስክር የለም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ከአትናቴዎስ ወገን አልወጣችም። ጳጳሶቿን ከእስክንድርያ ስትቀበል ኖራ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1959 ነው። የዓለሙን ትልቅ ንጉሥ ትእዛዝ እንዲህ በዝምታ ያሳለፈ ቤት እምነቱን ለገበያ ብቻ የያዘ ቤት አይመስለንም።

የአገራችንን ትውፊት ይዞ የሚከራከርም አለ። አብርሃና አጽብሐ የተባሉ ሁለት ወንድማማች ነገሥታት ነበሩ፤ በእነርሱ ዘመን አገሩ ሁሉ ተጠመቀ ይላል ትውፊቱ። ብዙ ሊቃውንት እነዚህን ወንድማማቾች ከኢዛናና ከሳይዛና ጋር ያገናኟቸዋል፤ ትውፊት ሁለት ወንድማማች መሆናቸውን ከጠበቀ ትልቅ ነገር ጠብቋልና አናቃልለውም። ሆኖም የዜና መዋዕል ጸሐፊ ልማድ አለው፤ የአባትን፣ የልጅንና የልጅ ልጅን ሥራ ሰብስቦ ለአንድ ንጉሥ ያለብሰዋል። የንጉሥ ስም ሳይጻፍባቸው የወጡትን የመዳብ ሳንቲሞች እንይ። መዳብ ሩቅ አገር አይሻገርም፤ በአገር ገበያ የሚዞር ገንዘብ ነው። በእነዚህ ላይ መስቀል አለ፤ በዙሪያውም ይህ ነገር አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ተጽፏል። ቃሉ በግሪክ መሆኑ ለእንጨት ሻጯ ብዙም አልረባትም፤ የጻፈውን መንግሥት ሐሳብ ግን ይገልጣል። አገሩ ሁሉ ተጠምቆ ቢሆን ኖሮ አገሩን ደስ ያሰኝ ብሎ ደጅ መጥናት ምን ያስፈልግ ነበር?

ከከተማዋ ውጭ የሆነውንም በአጭሩ እንናገር። የሐ ከተባለችው ጥንታዊ ከተማ አጠገብ ቤተ ሰማዕቲ በተባለ ቦታ የተቆፈረውና ውጤቱ በ2019 የታተመው ቁፋሮ በአራተኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አሳይቷል። በዚያው ስፍራ መስቀልና የግዕዝ ፊደል የተቀረጸበት የአንገት ጌጥ ድንጋይ ተገኘ፤ ከሸክላ የተሠሩ የበሬ ምስሎችም ተገኙ። መስቀሉና በሬው በአንድ ግቢ አደሩ ማለት ነው። ተሰዓቱ ቅዱሳን የተባሉት ሰባኪ መነኮሳት የመጡት በአምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በስድስተኛው መግቢያ ነው፤ አባ አረጋዊ ደብረ ዳሞን፣ አባ ጰንጠሌዎን የአክሱምን ኮረብታ፣ አባ አፍጼ የሐን ያዙ። ንጉሡ ካመነ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ገና የሚሰበክ ሕዝብ ነበረ። አባ አፍጼ የደረሰባት የሐ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት ብዙ መቶ ዓመታት በፊት አልመቃህ ለተባለ አምላክ የተሠራ ቤተ ጣዖት ነበራት። አላፈረሱትም፤ ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ ስለዚህም ግድግዳው እስከ ዛሬ ቆሟል። በአጠገቡ ባለው በአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይም የዋልያ ራስ የተቀረጸባቸው የጥንት ድንጋዮች ከነቅርጻቸው ተገንብተው ይታያሉ።