«አሼ»፦ የአንድ ቃል ታሪክ በአንድ ተከታይ የወጣቶች ልቦለድ ውስጥ

ቶሚ አዴየሚ ከናይጄሪያውያን ወላጆች አሜሪካ ውስጥ የተወለደች ደራሲ ናት። በ2018 «የደምና የአጥንት ልጆች»፣ በ2019 ደግሞ ተከታዩን «የምግባርና የበቀል ልጆች» አሳተመች (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ለወጣት አንባቢያን የተጻፉ፣ ፋንታሲ ከሚባለው የምናባዊ ልቦለድ ዘርፍ የሚመደቡ ሥራዎች ናቸው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዜሊ፣ ኦሪሻ በተባለች ምናባዊ አገር የምትኖር ልጃገረድ ስትሆን፣ በደሟ ውስጥ «አሼ» የሚባል ኃይል አለ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ተወድሷል፤ ተሸልሟልም። በተከታዩ ቅር የተሰኙ አንባቢያን ግን ጥቂት አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት «አሼ» የሚለው ቃል ከነታሪኩ ሲታይ፣ ይበልጥ ሊያነጋግር የሚገባው ሁለተኛው መጽሐፍ ነው የሚል ነው።

ቃሉ የዮሩባ ነው። በአንድ የአማርኛ ቃል መተርጎሙ ያስቸግራል፤ «ኃይል» ቢሉት ይጎድላል፣ «ጉልበት» ቢሉት ይብስበታል። አሼ ከፈጣሪ ከኦሎዱማሬ የሚመነጭ፣ በሰውም በእንስሳም በዕፅም በድንጋይም የሚያድር፣ ነገርን እንዲሆን የሚያደርግ ብርታት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ከንግግር የማይለይ መሆኑ ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ጸሎት ሲደረስ፣ ተሰብሳቢው «አሼ» ብሎ ይመልሳል፤ እኛ «አሜን» ወይም «ይሁን ይደረግ» እንደምንለው መሆኑ ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ሮውላንድ አቢዮዱን በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ የዮሩባን ኪነ ጥበብ ለመረዳት ይህን ጽንሰ ሐሳብ መረዳት ግድ መሆኑን አስረድተዋል።

የኦዮ መንግሥት በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አሠርት ዓመታት ተዳክሞ ሲፈርስ፣ ተከትሎ በመጣው ጦርነት እጅግ ብዙ ዮሩባዎች ተማርከው ለባሪያ ነጋዴዎች ተሸጡ። ከፊሎቹ ወደ ኩባ፣ ከፊሎቹ ወደ ብራዚል፣ በተለይም ወደ ባሂያና ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ሳልቫዶር ተጋዙ። በ1835 በዚህችው ከተማ ያመፁት ሙስሊም ባሮች አብዛኞቹ ዮሩባዎች ነበሩ። ብራዚል ባሪያ ከውጭ ማስገባትን በ1850 ብትከለክልም፣ ባርነትን ራሱን ያስወገደችው በ1888 ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ቃሉ አልጠፋም። ካንዶምብሌ በሚባለው ሃይማኖት ውስጥ ኖረ፤ የጠበቁትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በሳልቫዶር የሚገኘውን፣ «ካዛ ብራንካ» የሚባለውን ጥንታዊ የአምልኮ ቤት የመሠረቱት ከኬቱ የመጡ አፍሪካውያት ሴቶች መሆናቸው በትውፊት ይነገራል፤ በ1984 የብራዚል መንግሥት ቤቱ በብሔራዊ ቅርስነት እንዲጠበቅ ወስኗል። በ1910 ዩጄኒያ አና ዶስ ሳንቶስ የተባሉት ካህን የመሠረቱት ቤት ስሙ «ኢሌ አሼ ኦፖ አፎንጃ» ነው። ቃሉ በቤቱ ስም ውስጥ መግባቱን ልብ ይሏል። በዚያ አሼ ከቤቱ መሠረት ሥር ይቀበራል፤ ከታላቅ ወደ ታናሽ በእጅና በአፍ ይተላለፋል፤ ካልተንከባከቡት ይደክማል። ማንም በደሜ አለ ብሎ ብቻውን የሚመካበት ነገር አይደለም።

ዮሩባዎች በጽሑፍ ምናባዊ ልቦለድም ቢሆን እንግዳ አይደሉም። ዲ. ኦ. ፋጉንዋ በ1938 በዮሩባ ቋንቋ ያሳተሙት የአዳኝ ታሪክ በ1949 «ኢግቦ ኦሎዱማሬ» የተባለውን ተከታይ አግኝቷል። የሚገርመው ይህ ተከታይ ወደፊት ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ወደ ጀግናው አባት ታሪክ የሚሄድ መሆኑ ነው። አሞስ ቱቱኦላ ደግሞ በ1955 ሲምቢ የተባለች ልጃገረድን የአንድ ልቦለድ ባለታሪክ አድርገዋል።

ወደ አዴየሚ እንመለስ። ደራሲዋ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች በኋላ ለጥናት ሳልቫዶር ሄዳ ሳለ፣ ከዝናብ ለመጠለል በገባችበት ሱቅ ውስጥ የኦሪሻዎችን፣ ማለትም የዮሩባ አማልክትን ሥዕል እንዳየችና የልቦለዱ ሐሳብ ከዚያ እንደ ተፀነሰ ተናግራለች። ሐሳቡ የመጣላት እንግዲህ ከወላጆቿ አገር ሳይሆን ባሮቹ ከወረዱበት ወደብ ነው።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ንጉሡ ባለ አስማቶቹን ፈጅቷል፤ የዜሊንም እናት አስገድሏል። ዜሊ የጠፋውን አስማት በሥርዓተ አምልኮ ትመልሳለች። አሼ እዚህ ላይ በአመዛኙ በደም ውስጥ የሚገኝ ነዳጅ መሰል ነገር ነው፤ ይሞላል፣ ይነዳል፣ ያልቃል። አስማት የሚሠራው በዮሩባ ቋንቋ በሚነገር ድግምት መሆኑ ባይካድም፣ አንባቢ ይህን እንደ ጌጥ ሊያልፈው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ፖሊሶች በጥቁሮች ላይ የፈጸሙት ግድያ ደራሲዋን ለመጻፍ እንዳነሣሣት በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተገልጿል፤ የተበደለችው ልጅ ኃይል ማግኘቷ በራሱ መልስ መስሎ የሚታየውም ለዚህ ይሆናል።

ተከታዩ ይህን መልስ ያፈርሰዋል። አስማቱ ሲመለስ የተመለሰው ለተበደሉት ብቻ አልነበረም፤ ከመኳንንቱም ወገን «ታይታን» የሚባሉ ባለ ኃይሎች ተነሡ። ልዩነቱ ታይታኖቹ ድግምት አያስፈልጋቸውም። ሳይማሩ፣ ሳይናገሩ፣ በደመ ነፍስ ይመታሉ፤ ኃይሉ መልሶ የራሳቸውን ገላ ይጎዳል። ንግሥቲቱ ነሃንዳ ደግሞ የሌሎችን ኃይል ስባ ለራሷ ታደርጋለች። ዜሊ በአንጻሩ ለወገኖቿ ታላቅ ሆና መሾም፣ ድግምት ማስተማር፣ ኃይሏን ከሌሎች ጋር ማስተሳሰር ግድ ይሆንባታል። በዚህ ሁኔታ ቃል የሌለው ጉልበትና ቃል ያለው ኃይል በጦር ሜዳ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ደራሲዋ ይህን አስባ ይሁን ሳታስብ ትልሙ አስገድዷት፣ የካንዶምብሌ ሴቶች ያቆዩትን የቃሉን ሌላ ግማሽ ወደ ታሪኩ መልሳ አስገብታዋለች።

መጽሐፉ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ውጊያው ይበዛል፤ ከአንዱ ተራኪ ወደ ሌላው መዝለሉ ያደክማል፤ በዜሊና በልዕልት አማሪ መካከል ያለው መቃቃር በጥሞና ሊተረክ ሲገባው በጥድፊያ ይታለፋል። ዜሊ ከድሉ ጫፍ ላይ ሳለች አዝና፣ ሰልችታ፣ ከአገር ለመኮብለል መመኘቷን አንዳንዶች እንደ ድክመት ቆጥረውታል። እኔ ግን ከመላው መጽሐፍ እውነት የሚሸተው ይህ ሐዘኗ ነው እላለሁ።

ፍጻሜው ደግሞ ያስደነግጣል። ጦርነቱ አበቃ ሲባል ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ጠላት ያፍናቸዋል፤ ዜሊ ስትነቃ ራሷን በሰንሰለት ታስራ በመርከብ ሆድ ውስጥ ታገኘዋለች። በ2024 የወጣው ሦስተኛው መጽሐፍ የሚጀምረው ከዚሁ መርከብ ነው።