የቦረናና የሳይንት አገር ታሪክ፣ ምግብና በዓል

ይህ የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ሲዘጋጅ ስለ አገራችን እንድንጽፍ ታዘዝን። እኛም በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ስሟ ነው። የወሎ ስም በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የታወቀው በክፉ ቀን ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. የደረሰው ረሀብ፣ ከዚያም በጥቅምት ወር 1977 ዓ. ም. ያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም በቴሌቪዥን ለዓለም የታየው መከራ፣ ወሎ በተባለ ቁጥር ባዶ ሌማት እንዲታሰብ አድርጓል። ይህን የምንክድ አይደለንም። ነገር ግን አገር በተራበበት ዓመት ብቻ መታወቁ ፍርደ ገምድልነት ስለ ሆነ፣ እኛ ደግሞ ሌማቱ የሞላበትን ቀን ልንጽፍ ወደድን።

አገራችን ባሕር የላትም፤ ዳርቻዋ ግን ውኃ ነው። በምዕራብና በደቡብ በኩል ታላቁ የአባይ ሸለቆ ከጎጃም ይለያታል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ የአባይ ገባር የሆነው በሽሎ አለ። ከሸለቆው በላይ ቦረና፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ለጋምቦና ሳይንት ተዘርግተዋል። በእግር የሚሄድ ሰው በማለዳ ማሽላና ጤፍ ከሚበቅልበት ቆላ ተነሥቶ ሽቅብ ቢወጣ፣ በመሸ ጊዜ ገብስና ባቄላ ብቻ ከሚበቅልበት ውርጭ ላይ ያድራል። አምባ ፈሪት የተባለው ተራራ ወደ 4000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው።

የቦታዎቻችንን ስም ልብ ብሎ የሚሰማ ሰው ታሪካችንን ግማሹን ያገኘዋል። በመካከለኛው ዘመን ይህ አገር አማራ ተብሎ የሚጠራው ክፍል ነበር፤ ነገሥታቱም ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትን ያሠሩበት ነበር። ዐፄ ናዖድ የጀመሩትን ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙትን መካነ ሥላሴን ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ አይቶ ጽፎለታል። ያም ቤተ ክርስቲያን በ1524 ዓ. ም. በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ኦሮሞዎች መጥተው ሰፈሩ፤ ቦረና የሚለው ስም የመጣው ከእነርሱ ነው። በኦሮምኛ «ለጋ» ወንዝ፣ «ወረ» ደግሞ ቤተሰብ ወይም ወገን ማለት ስለ ሆነ፣ ለጋምቦ፣ ለጋሂዳ፣ ወረኢሉና ወረሂመኖ ትርጓሜያቸው ከዚያ ይፈለጋል። ዛሬ በእነዚህ ቦታዎች የሚኖረው ሰው አብዛኛው አማርኛ ይናገራል፤ ስሞቹ ግን አልተለወጡም።

ከጥንቱ ዘመን ከቀሩት ሁለቱን ሳንጠቅስ አናልፍም። አንደኛው በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም ናት። በትውፊት ከብሉይ ኪዳን ዘመን ጀምሮ የነበረች ትባላለች። በጽሑፍ የተረጋገጠው ግን በ1551 ዓ. ም. በጦርነት የወደቁት ዐፄ ገላውዴዎስ በዚያ መቀበራቸው ነው። ሁለተኛው በቦረና ያለው የጋስጫው የአባ ጊዮርጊስ ገዳም ነው። አባ ጊዮርጊስ «መጽሐፈ ምሥጢር»ን የጻፉ፣ «ሰዓታት»ንና «አርጋኖን»ን የደረሱ ታላቅ ሊቅ ናቸው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪ ሳሉ ትምህርቱ ለብዙ ጊዜ አልገባ ብሏቸው ወፍጮ ይፈጩ ነበር። ይህን ታሪክ የሒሳብ ፈተና በደረሰ ጊዜ እርስ በርሳችን እንነጋገረዋለን። በዓላቸው ሐምሌ 7 ቀን ስለ ሚውል፣ ሕዝቡ በዝናምና በጭቃ መካከል ወደ ገዳሙ ይጎርፋል።

ስለ ምግብ ስንጽፍ ከገብስ እንጀምራለን፤ በደጋው ገብስ የማይገባበት ነገር የለምና። እሸቱ ተጠብሶ ይበላል። የደረቀው ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶ ቆሎ ይሆናል። ቆሎው ተፈጭቶ በውኃና በጨው ሲታሸ በሶ ይባላል፤ በተነጠረ ቅቤ ሲታሸ ደግሞ ጭኮ ነው። ጭኮ ብዙ ቀን ሳይበላሽ ስለ ሚቆይ እናት ልጇን ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ስትሸኝ በስልቻ ወይም በዕቃ ሞልታ ትሰጠዋለች፤ ከእኛም መካከል ቤት ተከራይተን የምንማረው ሳምንቱን በዚህ የምንገፋበት ጊዜ ብዙ ነው። (የተካፈለው ሰው ብዛት ካለ ሳምንት አይሞላም።) ከዚህ ሌላ ገብስ እንጀራ ይሆናል፤ ገለባው ለከብት ነው። በጎቹ ደግሞ ጠጕራቸው ተሸልቶ ባናና በርኖስ ይሠራበታል፤ የደጋን ሌሊት ያለ ባና ያደረ ሰው ዳግመኛ አይሞክረውም።

ገብሱ ግን ከሁሉ የሚደንቀን በመጠጥነቱ ነው። የክርስቲያኑ ቤት ከብቅልና ከጌሾ ጋር ጠምቆ ጠላ ያደርገዋል። የእስላሙ ቤት ያንኑ ገብስ ቆልቶና አፍልቶ የማያሰክር ቀሪቦ ያወጣዋል። ሁለቱ ቤቶች አጥራቸው አንድ፣ እህሉም የአንድ አውድማ እህል ሊሆን ይችላል። ሰርግ በሆነ ጊዜ ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለእስላም ጎረቤቶቹ በግ ወይም በሬ ከነሕይወቱ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም ራሳቸው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው በዚያው ዳስ ውስጥ ይበላሉ። ደጋሹ እስላም ሲሆንም እንዲሁ ነው። ሥጋው ይለያል፤ ዳሱ፣ ዘፈኑና ቡናው አይለይም። አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ሲቀርብ የሁለቱም ሽማግሌዎች ተራ በተራ ይመርቃሉ። በመስቀል ደመራና በጥምቀት እስላሙ ጎረቤቱን እንኳን አደረሰህ ይለዋል፤ በመውሊድና በዒድ ደግሞ ክርስቲያኑ ይሄዳል። የወሎ መንዙማና የወሎ ዘፈን ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው፤ ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች መካከል ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የወሎ ቦታ ስም መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቃል።

ይህ አብሮ መኖር ከሰማይ የወረደ ወይም በአዋጅ የተሰጠ ነው ብለን አንሳሳትም። በ1870 ዓ. ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ እስላሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አስገደዱ። የወረሂመኖው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ፤ የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። ሌሎች ግን እምቢ አሉ። ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ጦር አንሥተው ተዋጉ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙም ተሰደደ። እንግዲህ አዋጁ ያላስማማውን ሕዝብ ያስማማው ጋብቻና ጉርብትና ነው እንላለን። በወሎ ልጁ ክርስቲያን ሆኖ የአያቱ ስም የእስላም ስም፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ መሆኑ አያስደንቅም። በክፍላችን ስም በሚጠራበት ሰዓት ይህን በየቀኑ እንሰማለን። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ሃይማኖት የጠብ ምክንያት ሲሆን እያየን፣ እንዲህ ያለው ዳስ በእኛ ዘመን እንዳይፈርስ እንሠጋለን።

ሊጎበኝ ከሚገባው ነገር መካከል መቅደላን ሁሉም ስለ ሚያውቀው ብዙ አንልበትም። ከእኛ በሰሜን ምሥራቅ በተንታ ወረዳ ይገኛል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. ራሳቸውን የሠዉበት አምባ ነው። የእንግሊዝ ጦር በሽሎን ተሻግሮ መጥቶ፣ በሄደ ጊዜ የብራና መጻሕፍቱን ጭኖ ሄዷል።

ከእሱ ይልቅ ለእኛ የቀረበው የደንቆሮ ጫካ ነው። ስሙ እንግዳን ያስቃል፤ ቦታውን ያየ ግን አይስቅም። ከታች ጥድ፣ ወይራና ኮሶ፣ ከላይ አስታ፣ ጅባራና ጓሳ ሣር የለበሰ ተራራ ነው። በ2001 ዓ. ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ በኋላም ወረሂመኖ የሚለው ስም ተጨመረበት። ሣር ግጦ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የምኒልክ ድኩላና ነብር ይገኙበታል። ከሁሉም የሚበልጠው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ሁሉ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሰውም ቢቈጠር 500 አይሞላም ይባላል። አይጥና ፍልፈል እያደነ ይኖራል እንጂ ሰውን አይነካም። ነገር ግን እርሻው ዓመት በዓመት ሽቅብ እየወጣ ነው፤ ከብቱም ይከተላል፤ ከከብቱ ጋር ውሻ ይወጣል። በባሌ ተራሮች እንደ ታየው፣ ከውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ ቀበሮውን በአንድ ጊዜ ይፈጀዋል። ገበሬው መሬት የሚያርሰው ስለ ቸገረው መሆኑን እናውቃለን፤ ከእኛ የአብዛኞቻችን አባቶች ገበሬዎች ናቸው። ቢያንስ ውሾቹን ማስከተብ ግን ከአቅም በላይ አይመስለንም።

ሊጎበኙን ለሚፈልጉ፣ መንገዱ ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ያመጣል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ፣ የባቄላው እሸት ደርሶ ይገኛል። ጋቢ ይዘው ይምጡ።