ወባ ከዳኑት ልጆች የወሰደው

የደጋ ሰው ወደ ራያ ቆላ ሲወርድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ንዳድን፣ ማለት ወባን ነበር። የራያዋ ቆቦ የተቀመጠችው 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ነው፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ይጋርዳታል። ክረምቱ ወጥቶ የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ውኃ ሲጎድል በየጉድጓዱ የሚቀረው ኩሬ ቢምቢ ይፈለፍላል። ወባው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። ትምህርት የሚከፈተውም ያኔው ነው፤ ማሽላው እሸት ይዞ ልጆች ማማ ላይ ወንጭፍ ታጥቀው ወፍ የሚጠብቁትም ያኔው ነው።

እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በ1950ዎቹ አጋማሽ ወባን ለመዋጋት በሙከራነት ከተመረጡት አካባቢዎች አንዱ የቆቦ-ጨርጨር ሜዳ ሆነ። ሌሎቹ ጋምቤላ፣ ደምቢያና የአዋሽ ሸለቆ ነበሩ። ረጪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ግድግዳውን ዲዲቲ ረጩት። ሙከራው ገና ሳይሰፋ በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፤ 150,000 ያህሉንም ፈጀ። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ።

የዚያ ዘመን ሒሳብ የታመመንና የሞተን ቆጠረ። የዳነው ልጅ ከዳነ በኋላ ምን እንደሆነ የሚጠየቅበት ዓምድ አልነበረውም።

ሰው «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» የሚለው በሽታ ሐኪሞች የአንጎል ወባ የሚሉት ነው። የወባው ተሕዋሲ የገባባቸው የደም ሕዋሳት የአንጎልን ቀጫጭን ሥሮች ይደፍናሉ፤ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል። በካምፓላ እንዲህ ታመው የተረፉ ሕፃናት ክትትል ተደርጎላቸው፣ በ2008 በወጣው ውጤት መሠረት ከሁለት ዓመት በኋላ ከአራቱ አንዱ ያህል የማሰብ ወይም ትኩረት የመያዝ ችግር ነበረበት። በማላዊም በ2010 በታተመ ጥናት ከተረፉት 132 ሕፃናት 12ቱ የሚጥል በሽታ ያዛቸው። ይህን የሚያደርሰው ፋልሲፓረም የተባለው ተሕዋሲ በቆቦ ሜዳም አለ።

መንደሩ ግን ለሚጥለው በሽታ ቀድሞ ያዘጋጀው ማብራሪያ ነበረው። በደብተራው ክታብ ጠላቶቹ ባርያና ለጌዎን የተባሉ አጋንንት ናቸው፤ ብራናውም በታማሚው ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር። ሌላው ጠበል ይወስዳል፣ ሌላው ሼኹን ዱዓ ያስደርጋል፤ ሲወድቅ ደግሞ ክብሪት ጭረው ጭሱን ያሸትቱታል። ለሃይማኖቱ ክብር እንስጥ፤ ክብሪቱ ግን ማንንም አላዳነም። በሽታው የሚተላለፍ መስሎት ወገን ሳያወጣው እሳት ላይ ወድቆ የተቃጠለም ብዙ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ በቡታጅራ 60,820 ሰው ቤት ለቤት ሲፈትሹ 316 የሚጥል በሽታ ታማሚ አገኙ፤ ዘመናዊ መድኃኒት ያገኘው ግን እጅግ ጥቂቱ ነበር።

የታማሚውን ልጅ ትምህርት የሚያበላሸው መውደቁ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ልጅ ሳይወድቅ ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑን ተክሎ ይፈዛል፤ መምህሩ የተናገሩት ዓረፍተ ነገር በዚያው ያመልጠዋል። ሌሊት የሚነሣው ደግሞ ቀን የተማረውን አንጎሉ በእንቅልፍ እንዳያጸና ያውከዋል። በጆሮ ግንድ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ አዲስ ነገር መያዝ ራሱ ይከብዳል፤ ትናንት አጥንቶ የተኛው ፊደል ጠዋት የለም።

መድኃኒቱም ዋጋ ያስከፍላል። በ1912 ሥራ ላይ የዋለው ፌኖባርቢታል ርካሽ ስለሆነ እስካሁን የጤና ጣቢያዎቻችን መመኪያ ነው። በ1990 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ግን በትኩሳት ለሚንቀጠቀጡ ሕፃናት ሲሰጥ የአእምሮ ፈተና ውጤታቸውን ዝቅ እንዳደረገ አሳየ። ይህ ክኒኑን ለመጣል ምክንያት አይሆንም፤ በድንገት ማቋረጥ ራሱ ከባድ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። ልጁ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋ ከሆነ ግን ወላጅ ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ይስተካከላል፣ ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል።

የቆቦና የአካባቢዋ መምህራን ሆይ፣ በኅዳር ከወባ አገግሞ ሲመለስ የሚፈዝ፣ ያወቀውን የሚረሳ ልጅ ካያችሁ «ሰነፍ» ብላችሁ አትግረፉት። ወላጁን ጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ ሰሌዳ ላይ የጻፋችሁትንም ደግማችሁ አንብቡለት።